ማቆያ

«የሕፃናት ማቆያ» የሚለውን ጽሑፍ በየሰፈሩ የብረት በር ላይ ታዩታላችሁ። ከጎኑ ቢጫ ዳክዬ ወይም ጓንት ያጠለቀ አይጥ ተስሏል፤ ከሥሩ «ከ3 ወር ጀምሮ እንቀበላለን» ይላል። ከዚያ ስልክ ቁጥር። ቃሉን ቆም ብሎ የሚያስተውለው ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቃልን እንደ ሳንቲም ገልብጦ የማየት ልክፍት አለብኝ፤ ማስተማሩን ትቼ ስወጣ ልክፍቱ አብሮኝ ወጥቷል።

ማቆያ እንግዲህ ምንድን ነው? ባለቤቱ እስኪመጣ አንድን ነገር ባለበት ማስጠበቂያ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ «ለይቶ ማቆያ» የሚባል ነገር ለመድን፤ ሰው እዚያ የሚገባው ቀኑ እስኪሞላ ድረስ እንዲጠብቅ ነበር። «የመኪና ማቆሚያ» የሚለው ከሌላ ግሥ የመጣ ነው፣ የሰዋስው ሰዎች እንዳትቆጡኝ፤ ግን ጆሮ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ልጅና መኪና ሁለቱንም አስቀምጦ ወደ ቢሮ ለሚሮጥ ሰውማ ከጎረቤትም በላይ ናቸው።

ሌላው ዓለም ምን ብሎ እንደሰየመው ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1844 ፊርማን ማርቦ የተባለ ፈረንሳዊ ለፓሪስ ሠራተኛ እናቶች ልጆች መዋያ ሲከፍት «ክሬሽ» አለው፤ ግርግም ማለት ነው፣ የቤተልሔሙ ግርግም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1840 የራሱን ተቋም «የልጆች የአትክልት ቦታ» ብሎ ጠራው። እኛም ቃል አጥተን አይደለም። «መዋዕለ ሕፃናት» አለን። መዋዕል ከግዕዙ «ወዐለ»፣ ከእኛው «ዋለ» ጋር አንድ ሥር ነው። ዜና መዋዕል የቀናትና የዘመን ወሬ እንደሆነ ሁሉ፣ መዋዕለ ሕፃናትም የሕፃናት ቀናት፣ የሕፃናት ውሎ ነው። ይህን የመሰለ ስም ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጆች ሰጠነው፤ እነሱም «ኬጂ» ብለው ጣሉት። ጡት ላልተወው ልጅ የደረሰው ማቆያ ሆነ።

ቃሉን ግን አልበድለውም። «ልጅሽን ያቆይልሽ» ብለን የምንመርቀው በዚሁ ግሥ ነው። እናት ለልጇ ምሳ የምታቆይለትም በዚሁ ነው። አንዱ ፊቱ ግምጃ ቤት፣ ሌላው ፊቱ ምርቃት። ስም ብቻ ከሆነ ምን ያካብድሃል ትሉኝ ይሆናል። የማካብደው አብዛኞቹን ቤቶች ስማቸውን ሆነው፣ ያውም በመጀመሪያው ፊቱ ሆነው ስላገኘኋቸው ነው።

እንዴት እንዳገኘኋቸው ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ወልዳ ፈቃዷ እያለቀ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ድሮ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ይመስገን። ለአባትየው ደግሞ 3 ቀን። ሦስት ቀን ለምን እንደሚሆነው አላውቅም፤ ለገንፎው ይደርሳል። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም አይቅመስ ይላል። አዋጁና ጡቱ በሦስት ወር ይለያያሉ። ይህ ሦስት ወር የማን ነው? ጠያቂም መላሽም የለውም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ልጆች መዋያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር፤ የከፈቱም አሉ። አዲስ አበባም ልጅ ለማሳደግ ከአፍሪካ ከተሞች ምርጧ ለመሆን ቆርጣ የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ይዛለች፤ መጫወቻዎች ሲሠሩ፣ አንዳንድ ቀን መንገድ ተዘግቶ ልጆች ሲሯሯጡበት አይተናል። የእህቴ ልጅ የምትሠራው ግን የግል ድርጅት ውስጥ ነው፣ ያውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለፎቶ ኮፒ ማሽኑ እንኳ ቦታ በጠበበበት ቢሮ።

«ጋሼ፣ አንተ ነገር ታያለህ፣ እባክህ አብረኸኝ ዙር» አለችኝ። ዞርን። በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ቤት አየን። ዘበኞቹ ሁሉ አያት መስያቸው እጅ ነሡኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እንደ መንትዮች ናቸው። የተከራዩት ቪላ ነው፣ ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ሴራሚክ ነው፣ ሳር የሚባል ነገር አንድ ዘለላ የለም። ለዓይን ያምራሉ። ዳይሬክተሯ በሚያብረቀርቅ ጫማ ትቀበልሃለች፣ ፕሮግራሙን በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ትሰጥሃለች፣ ከዚያ ግድግዳውን ታስጎበኝሃለች። ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር የለም፦ ሚኪ ማውስ፣ ቀስተ ደመና፣ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በረዶ የለበሰ የጥድ ዛፍ። የሀገር ነገር ፈልጌ አንዲት ጦጣ አጣሁ።

ሁለተኛው ቤት ውስጥ አንድ ነገር አደረግሁ። ዳይሬክተሯ ስልክ ልታነሳ ወጣ ስትል ጉልበቴ እየተንቋቋ ቁጢጥ አልኩና ክፍሉን በአንድ የሁለት ዓመት ልጅ ቁመት አየሁት። ሥዕሉ የለም! ሥዕሉ የሚጀምረው ከአዋቂ ደረት በላይ ነው። ከዚያ በታች ያለው ለማጽዳት እንዲመች የተቀባ ቡናማ የዘይት ቀለም ነው። ልጁ የሚያየው የጠረጴዛ ሆድ፣ የሰው ጉልበት፣ የማይደረስበት የበር እጀታና ያ ቡናማ ቀለም ነው። አልጋ ላይ ለተጋደመው አራስ ደግሞ ያለው ኮርኒስና አንዲት አምፖል ነው። ያ ሁሉ ሥዕል ታዲያ ለማን ተሣለ? ለከፋዩ ነው፣ ለእኔና ለእህቴ ልጅ። አንድ ጽሑፍ ለማን እንደተጻፈ ለማወቅ ቃሉ በማን ቁመት እንደተቀመጠ እዩ ብዬ ተማሪዎቼን ስወተውት ኖሬያለሁ፤ ግድግዳም እንደዚያው ነው።

መጫወቻዎቹን ጠየቅሁ። አሉ! በመስታወት ቡፌ ውስጥ፣ በመጠን ተደርድረው፣ ተቆልፎባቸው። እናቶቻችን የእንግዳ ብርጭቆ የሚያስቀምጡበትን ያንን ቡፌ ታስታውሱ የለም? እሱ ራሱ ነው። «ከሰጠናቸው ይሰብሩታል» አለችኝ ዳይሬክተሯ፣ ብርጭቆውን እንደምታዝንለት እንደ እናቴ አድርጋ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንላለን፤ አይበቃም፣ እውነት ነው። ግን ልጅ ሊጥ የሚነካው እራት ሊያበቃ አይደለም። ጣቱን ሊጡ ውስጥ ከቶ ሲያወጣው የሚቀረውን ቀዳዳ ሊያይ ነው። ቀዳዳው ተመልሶ ሲደፈን ይገረማል፣ እንደገና ይከታል። አንድ ሰዓት ሙሉ በዚህ ሊቆይ ይችላል፣ ለማንም ምንም ወጪ የለበትም። ክዳን ያለው ድስት፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ባዶ ካርቶን፣ ሻሽ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮው ውስጥ ሊገባ የሚችል እንደ ቆርኪና ብይ ያለ ነገር ብቻ አይሁን እንጂ፣ ቤት ውስጥ ካለው ነገር ግማሹ መጫወቻ ነው። በየቤቱ ያገኘነው ሥራ ግን አንድ ነው፦ ቴሌቪዥን። ዓመት ያልሞላው ልጅ መቀመጫ ላይ ታስሮ የሚጮህ ካርቱን ፊት ተደቅኗል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጭራሽ አይሁን፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለውም ከ1 ሰዓት አይብለጥ ብሏል። ዳይሬክተሯ ይህን ስነግራት «ትምህርታዊ ነው እኮ» አለች።

ሦስተኛው ቤት የኮራው በካሜራው ነው። «ቢሮሽ ቁጭ ብለሽ በስልክሽ ታዪዋለሽ» ተባለች የእህቴ ልጅ፣ ዓይኗ ሲበራ አየሁ። እናት ናት፣ አልፈርድባትም። እኔም ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። ከላይ የተወሰደ ምስል ነው፣ የልጆች አናት ይታያል፣ አንዲት ሽርጥ የለበሰች ልጅ ትመላለሳለች። ድምፅ የለውም። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባንና ድምፁን ሰማሁት።

የሥነ ጽሑፍ ሰው ጆሮ ክፉ ነው፣ ግሥ ይቆጥራል። «ተቀመጥ! ተይ! አትንካ! ዝም በል! ብላ! ዋጥ! ተኛ!» ትእዛዝ አንቀጽ ብቻ። መቁጠር ጀምሬ ታከተኝና ተውኩት። ከዚያ ማስፈራሪያው ይመጣል፦ አያ ጅቦ መጣልህ፣ ዶክተሯ መርፌ ትወጋሃለች፣ ፖሊስ እጠራለሁ፣ እማዬ ትታህ ሄዳለች። ይህች የመጨረሻዋ ናት የከፋችው፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲፈራ የዋለው እሷን ነውና። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ሲያናግሩት ነው፤ «ይኸ ምንድን ነው? ውሻ ነው? ውሻው ወዴት ሄደ?» ሲባል። ቀኑን በትእዛዝ የዋለ ልጅ የሚማረው ሰዋስው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ካሜራው ይህንን አይቀርጽም። እናት ቢሮዋ ቁጭ ብላ የምታየው ድምፅ አልባ ፊልም ነው፣ ልጇም በፊልሙ ውስጥ ደህና ተቀምጧል።

ስለ ጠዋቱ ልቅሶ ጠየቅን። ሦስቱም ቤቶች የሰጡት ምክር በአንድ አፍ የተነገረ ነው የሚመስለው፦ «ሳያይሽ ሹልክ በይ። ሁለት ሦስት ቀን ያለቅሳል፣ ከዚያ ይለምደዋል።» ሹልክ ማለት! እስቲ ነገሩን በልጁ በኩል እዩት። በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው አለ፤ ዞር ሲል ያ ሰው የለም። ነገ ጠዋት ምን ያደርጋል? ዞር አይልም። እናቱን ቀሚሷን ጨምድዶ ይይዛል፣ መጫወቻ ቢሰጡት አይን አያነሳባትም። ከዚያ «እንዴት ያለ ጥብቅ ልጅ ነው» ይባላል። ጀርመኖች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩበት «የበርሊን ሞዴል» የሚባል ማላመጃ አላቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እናት ወይም አባት እዚያው ክፍል ጥግ ይቀመጣል፣ መለየት የሚባል ነገር አይሞከርም። በአራተኛው ቀን ወላጁ «መጣሁ» ብሎ፣ ልጁ እያየው፣ ለጥቂት ደቂቃ ይወጣና ይመለሳል። ልጁ ከተረጋጋ ጊዜው ይረዝማል፣ ካልተረጋጋ ይጠበቃል። ይህን ለዳይሬክተሯ ባስረዳት «እናቶቹ ክፍል ውስጥ ከገቡ ነገር ያበዛሉ» አለችኝ። ይህቺን መልስ ልብ በሏት።

እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሬኔ ስፒትስ የተባለ ሐኪም በሁለት ቤቶች ያደጉ ሕፃናትን አወዳድሮ ጻፈ። አንደኛው የተጣሉ ልጆች የሚያድጉበት ቤት ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ደህና ነው፣ ሐኪም አይለየውም። አንዲት ሞግዚት ግን ወደ 8 ሕፃናት ይዛለች፣ የየአልጋው ጎን በአንሶላ ተጋርዷል፣ ልጁ ኮርኒስ ሲያይ ይውላል። ሁለተኛው ከሴቶች እስር ቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ እናቶቹ ታሳሪዎች ናቸው፣ ልጆቻቸውን ግን ራሳቸው ይይዛሉ፣ ያጠባሉ፣ ያጫውታሉ። የእስር ቤቶቹ ልጆች እንደ ልጅ አደጉ። የንጹሑ ቤት ልጆች ደከሙ፣ መናገርና መራመድ ዘገየባቸው፣ ብዙዎቹም በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሞቱ። የጥናቱ አሠራር በኋላ ተተችቷል፣ እነዚያ ልጆችም ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አልነበሩም፤ ስለዚህ የእኛን ማቆያ ከዚያ ጋር አላስተካክልም። ያ የተጋረደ አልጋ ግን ከኅሊናዬ አይወጣም። አንሶላው የተሰቀለው ለንጽሕና ነበር።

እስቲ ደግሞ አብረን እንደምር። አንዲት ሞግዚት 8 ሕፃናት ይዛለች እንበል። አንድ ሕፃን በቀን 5 ጊዜ ዳይፐር ቢቀየርለት፣ አንዱ መቀየር ከነማጠቡ 5 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ለ8ቱ 200 ደቂቃ ነው። በቀን 3 ጊዜ ቢመገብ፣ አንዱ ምግብ 15 ደቂቃ ቢወስድ (በ15 ደቂቃ የሚጨርስ ልጅ ያላችሁ ታደላችሁ) 360 ደቂቃ ነው። ድምሩ 560። ከጠዋቱ 1:30 እስከ ማታው 11:30 ያለው 10 ሰዓት 600 ደቂቃ ነው። የተረፋት 40 ደቂቃ ለ8 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 5 ደቂቃ ይደርሰዋል። በዚህች 5 ደቂቃ ታቅፈዋለች፣ ታባብለዋለች፣ ወፍ ታሳየዋለች። ምሳዋን የምትበላው መቼ ነው? ሽንት ቤትስ? እንግዲህ «ዝም በል!» ከየት እንደሚመጣ ገባችሁ። ከክፋት አይደለም፣ ከሒሳቡ ነው። በእንግሊዝ ሀገር ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሕጉ ለ3 ልጅ አንድ ሰው ይላል። በ3 ልጅ ስሌቱን ድገሙት፦ 210 ደቂቃ ይሄዳል፣ 390 ይተርፋል፣ ለአንድ ልጅ ከ2 ሰዓት በላይ። ያቺው ሴት፣ ያው ክፍል፣ ያው ደመወዝ። የልጁ ውሎ ግን ሌላ ነው።

ደመወዝ ካነሳን አይቀር፣ በእነዚህ ቤቶች ሞግዚት «ናኒ» ትባላለች። እንግሊዝኛው የጨመረው የወላጁን ክፍያ ነው፤ የሷን ሲጨምር አላየሁም። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ልጅ እግር ሴቶች ናቸው፣ ገና ራሳቸው የሚያባብላቸው የሚፈልጉ። የተሻለ ሥራ ሲያገኙ በወሩ ይሄዳሉ፤ ልጁም አንዷን ሲለምድ ሌላ ትመጣለች። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ግን አንዲት ሴት አየሁ፤ ስድስት ዓመት ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች፣ የሰው መንትዮች ከአራስነት ያሳደገች። የሚያለቅስ ልጅ ስታነሳ በዓረብኛ ነው የምታንጎራጉርለት፣ ልጁም ወዲያው ዝም ይላል። ከዳይሬክተሯ ጀምሮ በዚያ ግቢ ውስጥ ስለ ሕፃን የሷን ያህል የሚያውቅ አልነበረም። በወረቀቷ ላይ ግን «የሥራ ልምድ፦ የቤት ሠራተኛ» ነው የሚለው፤ ስለዚህ ወለል ትወለውላለች፣ ልጅ የምታነሳው ሌሎቹ ሲቸገሩ ብቻ ነው። ከሊባኖስና ከሳዑዲ ስንት እንዲህ ያለች ሴት ተመልሳለች! የራሳቸውን ልጅ ለአያት ትተው የሰው ልጅ አሳድገው የመጡ ናቸው። ያንን ዕውቀት ብሎ የሚመዘግብላቸው ቢሮ አልሰማሁም።

«ድሮ ልጅ የመንደሩ ነበር» የሚል ሰው እዚህ ጋ ይነሳል። እወዳችኋለሁ፣ ግን ተዉኝ። ድሮ ልጁን በአንቀልባ የምታዝለው የስምንት ዓመት እህቱ ነበረች፣ ከትምህርት ቤት ቀርታ። ድሮ ምድጃው መሬት ላይ ነበር፣ በየሰፈሩ ፊቱ ወይም እጁ የተቃጠለ ልጅ ነበር። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የምንለው ባለዕድሎቹን ብቻ እየቆጠርን ነው። ከዚያ ዘመን የምወስደው አንድ ነገር አለ፣ እሱም ጀርባ ነው። የታዘለ ልጅ የሰው ሙቀት አለው፣ የአዋቂ ወሬ ይሰማል፣ ከአዋቂ ትከሻ ላይ ሆኖ ገበያውን ያያል። ቡናማ ቀለም አያይም።

አራተኛው ቤት ማቆያ ተብሎ አልተጻፈበትም። ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው፣ ጎረቤቶቻቸው ልጅ ያስይዟቸዋል፣ አምስት ልጆች አሏቸው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ድስትና ክዳን፣ አንዱ ልጅ ሌላውን በክዳን ሊመታ ሲቃጣ ደረስን። እትዬ አልጮሁም። ወለሉ ላይ ወርደው ተቀመጡና «ክዳኑ ለድስቱ ነው፣ እስቲ ግጠምልኝ» አሉት። ገጠመ። ንፍጡን ሊጠርጉት ሲሉ ደግሞ «አፍንጫህን ልጠርግልህ ነው፣ መጣሁ» ብለው አስቀድመው ነገሩት። ልጁ ፊቱን ሰጣቸው! ሐኪሟ ኤሚ ፒክለር እ.ኤ.አ. በ1946 ቡዳፔስት ሎትሲ ጎዳና ላይ በከፈተችው የሕፃናት ቤት ሞግዚቶችን ስታሠለጥን ዋናው ትምህርቷ ይኸው ነበር፦ ልጅን ከመንካትህ በፊት ምን ልታደርግ እንደሆነ ንገረው፣ እስኪሰማህ ጠብቅ፣ አትቸኩል። እትዬ ቡዳፔስትን አያውቁም። ይህን የት ተማሩት ብላቸው ሳቁብኝ፤ «ሰው ፊትህን ድንገት ቢይዝህ ትወዳለህ?» አሉኝ።

እህቴ ልጅ ዘንድ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እሷ ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ በር ክፍት ነው፣ ውስጡ ውኃ የሞላ ባልዲ አለ፤ ውኃ በሄደ በመጣ ቁጥር የሚጠራቀም። ገና መራመድ የጀመረ ልጅ በጭንቅላቱ ከተደፋ ከባልዲ መውጣት አይችልም፣ ድምፅ እንኳ አያሰማም። ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ ከነጀበናው አለ። መብራቱ ሶኬት ወለሉ አጠገብ ነው፣ ክፍት። የሚተኙት ልጆች አንዱ በሆዱ ነው የተኛው፤ ሕፃን በጀርባው ይተኛ የሚለው ምክር አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በዘመቻ ከተለፈፈ በኋላ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ወርዷል። እነዚያ ሦስት ቪላዎች ውስጥ ባልዲም ከሰልም አልነበረም፣ ሶኬቱም ተደፍኗል። ይህን መካድ አልችልም። በአንዱ ቤት ልጁ አይሞትም፣ በሌላው ቤት ልጁ ይኖራል፤ አንዲት እናት ከሁለቱ እንድትመርጥ ይጠየቃል ወይ?

እትዬን ተቆጣጣሪ ቢያገኛቸው ያሽጋቸዋል፣ ፈቃድ የላቸውም። ከዚያ አምስቱ ልጆች ወዴት ይሂዱ? የባልዲ ክዳን፣ የሶኬት መሸፈኛ፣ በከሰሉ ቦታ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የመታጠቢያ ቤት በር ላይ ከላይ መቀርቀሪያ፣ የአንድ ሳምንት ሥልጠናና የመጀመሪያ እርዳታ። አንዱ ቪላ ለሚኪ ማውሱ ከከፈለው የሚበልጥ አይመስለኝም። በግልባጩ ለእነዚያ ቪላዎች እትዬ የሚያውቁትን በገንዘብ ማስገባት አይቻልም፤ ለ3 ልጅ አንድ ሰው መቅጠርና ሰውየዋ ዓመት እንድትቆይ መክፈል ካልሆነ። የተቆጣጣሪው ቅጽ መጸዳጃውን፣ አጥሩን፣ የአልጋውን ብዛት ይጠይቃል ይሉኛል፤ ግድ የለም፣ ይጠይቅ። «ይህች ሞግዚት እዚህ ስንት ወር ሆናት? ስንት ልጅ ይዛለች? የልጆቹን ስም ከማሙሽና ከሚሚ ሌላ ታውቃለች?» የሚሉ ሦስት መስመሮች ቢጨመሩበት ግን ቅጹ ገና ግማሽ ገጽ ነው።

አምስተኛው ቤት መካከለኛ ነው። ሥዕል የለውም፣ ቀለሙ ተልጧል፣ ግቢው ውስጥ አንዲት የጌሾ ዛፍና አፈር አለ። ሁለት ሴቶች ሰባት ልጅ ይዘዋል፤ አንደኛዋ እዚያ አራተኛ ዓመቷ ነው። ክፍያው ከእህቴ ልጅ ደመወዝ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ባለቤቷ ልጁ እስኪለምድ እናትየዋ ብትቀመጥ «ኧረ ደስ ይለኛል» አለች፤ ከአምስቱ እንዲህ ያለች እሷ ብቻ ናት። ችግሩ ቢሮው ነበር። አለቃዋ «ልጁን አስገብተሽ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» ብሎ አልፈቀደም። አራቱን ቀን ከዓመት ፈቃዷ አስቆርጣ ተቀመጠች። ባልየውም በተራው አንድ ቀን ገባ፤ ሦስቷን ቀን ገና በወሊዱ ጊዜ ጨርሷት ስለነበር እሱም ከዓመት ፈቃዱ።

ማታ ማታ የሚመለሰው መገናኛ ደብተር እዚያም አለ። «በላ፣ ተኛ፣ ሽንት» ተብሎ ተሰምሮ ምልክት የሚደረግበት። የእህቴ ልጅ ከጎኑ አንድ መስመር በእጇ አሰመረችና «ምን ሲያይ ዋለ?» ብላ ጻፈች። የመጀመሪያውን ሳምንት ባዶ ነበር የሚመለሰው። ሞግዚቷ በኋላ ነው የነገረቻት፣ መጻፉን ያን ያህል አትችልም። አሁን በስልክ ድምፅ ቀርጻ ትልክላታለች። ትናንት የላከችውን አሰማችኝ፤ በጌሾው ቅጠል መካከል ብርሃኑ ሲወዛወዝ አይቶ እጁን እንደዘረጋ ትናገራለች፣ ከኋላ የልጁ ድምፅ ይሰማል።